ወደ ሕዝብ የቀረበው መድረክ

በፖስታው ውስጥ የነበረው አራት መቶ ሃያ ወንበር ነው። ወንበሩ ገና ጣውላ ነው፤ ጣውላውም ገና አልተገዛም። ቢሆንም ማኅተም ያረፈበት ትዕዛዝ ነው፤ ለአዲሱ የስብሰባ አዳራሽ አራት መቶ ሃያ ወንበር ማለት ለአናጺው ቤት አሥራ አራት ሠራተኞች የአንድ ዓመት ተኩል እንጀራ ማለት ነበር። ከትዕዛዙ ጋር ሁለት ወረቀት ተያይዟል። አንደኛው ሥዕል ነው። ሌላኛው ሦስት የፊርማ ቦታ ያለው የምስክርነት ወረቀት ሲሆን፣ ሁለቱ ቦታ ተሞልቷል፤ ሦስተኛው ባዶ ሆኖ ፈራሚ ይጠብቃል።

ፖስታውን ያመጣችው የከንቲባው ትልቋ ልጅ ናት። የአባቷ ጽሕፈት ቤት ኃላፊም እሷው ናት። ከንቲባው ሰማንያ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሥልጣን ላይ ከተቀመጡ ደግሞ ሃያ ሁለት። አሁን እንደገና ሊወዳደሩ ነው። የከተማው ደንብ ግን አንድ ነገር ይላል፦ ዕጩው ከሰባ ዓመት ካለፈ፣ ምክር ቤቱ የመረጣቸው ሦስት ሽማግሌዎች «ለሥራው ብቁ ናቸው» ብለው ካልፈረሙለት አይመዘገብም። ከሦስቱ ጡረተኛው መምህር ፈርመዋል፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤትም ፈርመዋል። የቀረው አናጺው ነው። ምዝገባው ሊዘጋም ስድስት ቀን ቀርቶታል።

አናጺውን አገር ምድሩ «ጋሽ ዘጠኙ» ይለዋል፤ አንዲት ጣቱን መጋዙ ስለወሰዳት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሰጋቱራ ጠራጊ ሆኖ የገባበትን ሥራ ቤት በሠላሳ አራት ዓመቱ ገዝቶታል። የማይቆጥረው ነገር የለም፤ የምስማሩን ሳጥን በሩቁ አይቶ «ሰባ ሁለት ጎድሏል» ቢል፣ የሚጎድለው ሰባ ሁለት ነው። ያን ዕለት ጠዋት የከንቲባው ልጅ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ፣ ሦስቱን ወረቀት አንድ በአንድ አይቶ ሲጨርስ፣ ነገሩን በልቡ አስልቶ ነበር። ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ፊርማ አየ፤ ከፊርማው ጀርባ ያለውንም አየ። ከዚያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ለእንግዳዋ መቀመጫ በእጁ መዳፍ ጠርጎ፣ ፈገግ አለ።

«ነይ ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ቀሚስሽን ሰብሰብ አድርጊው፤ ሰጋቱራ ትልቅ ሰው አያውቅም። እዚህ ተቀመጪ… እዚያኛው ላይ እንኳ ተዪው፣ የአንድ እግሩ ሙጫ ገና አልደረቀም። ከላይ ሲያዩት ደኅና ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ነው የሚለየው። ሻይ ይምጣልሽ? አትጠጪም? ይሁን። ልጆችሽ ደኅና ናቸው? ትልቁ ቁመቱ ስንት ደረሰ? አይ፣ አመል ሆኖብኝ ነው፤ እኔ ሰው ስጠይቅ በሜትር ነው የምጠይቀው። የቤት ሰውስ ሁሉ ደኅና?… እሰይ። ደኅና ከሆኑ ደኅና ነው።

«ይኼን ሥዕል ሳይ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? አንድ ደንበኛ አሉኝ። ስማቸውን መጥራት ምን ያደርጋል፣ አንቺ አታውቂያቸውም ይሆናል… አንዳንዴ ሰው የማይተዋወቀው አንድ ጣራ ሥር ሲኖር ነው። ትልቅ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ማለቴ አይደለም፤ ዕድሜያቸውማ ማን ደፍሮ ይቆጥረዋል?

«መጀመሪያ መድረክ የሠራሁላቸው የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ዘጠኝ ደረጃ፣ እያንዳንዱ አሥራ ሰባት ሳንቲ ሜትር። ድምሩ አንድ ሜትር ከሃምሳ ሦስት። አቤት አወጣጥ! ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ነበር፤ ሳንቃው እንኳ ሳይሰማ ላይ ደርሰው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ችግሩ ምን ነበር፣ ሩቅ ነበሩ። ሕዝቡ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚያያቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰው ተላከብኝ፤ ‹ደረጃው አሥራ አምስት ይሁን፣ ስምንት ደረጃ ይበቃል።› እሺ ብዬ ሠራሁ። ቀጥሎ አሥራ ሁለት፤ ሰባት ደረጃ። ቀጥሎ ዘጠኝ፤ ስድስት ደረጃ። አምና ደግሞ ስድስት ሳንቲ ሜትር፤ አምስት ደረጃ። ድምሩ ስንት መጣ? ሠላሳ! በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ መቶ ሃያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ሕዝባቸው ቀርበዋል። እስቲ ንገሪኝ፣ ወደ ሕዝቡ ይህን ያህል የቀረበ መሪ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? በዚሁ ከገፉበት የቀረችው ሠላሳ ናት። ከመሬት እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በታች ያለውን… እሱን እንኳ እኔ አልሠራም፤ የሌላ ባለሙያ ሥራ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የኔ ደንበኛ ግን ጉደኛ ናቸው፤ በእግራቸው ሄደው ሄደው፣ አሁን ቀስ በቀስ ወደ እንቁላሉ እየተመለሱ ነው። እንቁላል ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ሰው በሁለት እጁ ነው የሚይዘው።»

የከንቲባው ልጅ ሰዓቷን አየች። ጋሽ ዘጠኙም ሰዓቷን አየ፤ አራት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ይላል። ገና ብዙ ጊዜ አለ።

«ምቀኛ የማይናገረውን ልንገርሽ፤ ደንበኛዬ አንድም ቀን ወድቀው አያውቁም። አንድም ቀን! የሚወድቀው ሌላው ነው። ስድስት ሳንቲ ሜትር ደረጃ ላይ ጤነኛ እግር ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ጤነኛ እግር አሥራ ሰባት ለምዷል። አሥራ ሰባት ብሎ ይነሳል፣ ደረጃውን በአየር ላይ ይፈልገዋል፣ የለም፤ ከዚያ በግንባሩ ነው። አምና ብቻ አሥራ አንድ ሰው ተደፍቷል፤ ቆጥሬአለሁ። የገንዘብ ኃላፊው ከነዶሴው። የዘበኞቹ አለቃ፣ ያን የሚያህል ግንድ የመሰለ ሰውዬ፣ ከነቆቡ። ሐኪሙማ ያሳዝናል፤ ‹በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛሉ› የሚለውን ወረቀት ለሕዝቡ ሊያነብ ሲወጣ አራተኛው ደረጃ ላይ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ደንበኛዬ ምን አሉት መሰለሽ? ‹አይዞህ ወጣቱ፣ ጉልበትህን ታየው።› አየሽ ርኅራኄ?

«ከዚያ ምን ተደረገ? ደብዳቤ ወጣ። ‹በመድረክ ላይ የተደናቀፉ ኃላፊዎች በሙሉ የዓይንና የጉልበት ምርመራ አድርገው ውጤቱን ያቅርቡ።› አሥራ አንዱም ተሰልፈው ተመረመሩ። ሐኪሙ እጁን በፋሻ አንጠልጥሎ እሱም ተመረመረ። የዘበኞቹ አለቃ መነጽር ታዘዘለት፤ ይኸው እስከ ዛሬ በመነጽር በር ይጠብቃል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ጤና ተጣራ! ያልተመረመሩት ያልወደቁት ብቻ ናቸው። ያልወደቁት ደግሞ አንድ ናቸው።

«ታዲያ ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው መሐል ‹እስቲ ደረጃውን ለኩት› ያለ አንድ ሰው የለም። ሜትር እኮ ውድ አይደለም። እኔ አውቀዋለሁ፤ የቆረጥኩት እኔ ነኛ። ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እህል ይሆናል እንጂ እንጨትስ የሚነቅዘው ዝም ብሎ ነው።

«ሕዝቡ ደግሞ እንዴት ይወዳቸዋል! ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ድምፃቸው ሲሰማ ሰው ሁሉ ጸጥ ነው። ሳላቸውን ይቆጥራል። ሰው የማይወደውን ሰው ሳል ይቆጥራል? ባለፈው ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ‹ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ናት› ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት ነው የቆጠርኩት። ልንጣላ! ‹ጉሮሮ መጥረግ ሳል ውስጥ አይገባም› አለኝ፤ እሱም እውነት አለው። ሦስት ሳምንት ሳይታዩ የቀሩ ጊዜማ ከተማው በሙሉ ሐኪም ሆኖ ነበር። አንዱ ልባቸው ነው ይላል፣ አንዱ ኩላሊት ነው ይላል፣ አትክልት ሻጯ ‹የለም፣ ነርቭ ነው፣ የአማቴም እንዲሁ ነበር የጀመራት› ብላ መድኃኒቱን ሁሉ ነገረችን። በመጨረሻ በሬዲዮ ‹ሥራ በዝቶባቸው ነው› ተባለ፤ እፎይ አልን። ሰው ሥራ ሲበዛበት ሦስት ሳምንት የሚተኛበትን ሥራ ለኔም በሰጠኝ!»

ከጀርባ መጋዙ ጮኸ፤ አንድ ሳንቃ ለሁለት ተሰንጥቆ ሲያበቃ ዝም አለ። ማሽኑ ላይ ያለችው የጋሽ ዘጠኙ ልጅ ናት። አንገቱን ወደዚያ ወርወር አድርጎ፣ ድምፁን እንደ ምስጢረኛ ዝቅ አደረገ።

«ይኸችን ታያታለሽ? ጨካኝ ናት። የዛሬ አሥር ዓመት፣ ጣቴ የቀረች ዕለት፣ ደሙ ሳይደርቅ የማሽኑን ቁልፍ ከኪሴ አወጣች። ‹አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ በቃህ› አለችኝ። አርባ ዓመት የያዝኩትን ማሽን! ‹ገና ዘጠኝ ጣት አለኝ› ብላት፣ ‹ለዚያ ነው የወሰድኩት› አለች። ሦስት ሳምንት አኮረፍኳት። ይኸው አሁን መጥረጊያ ይዤ እዞራለሁ፤ በገባሁበት በር፣ በገባሁበት ሙያ። ዘጠኙ ጣቶቼ ግን እስከ ዛሬ ዘጠኝ ናቸው። አየሽ ጭካኔ?

«የኔ ደንበኛ ግን ታድለው! ልጅ አለቻቸው፣ ምን ያለች ልጅ መሰለችሽ። ‹በቃህ› የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ጠዋት እሷ ናት የምታነሳቸው፣ ከረቫታቸውን እሷ ናት የምታስር፣ ስብሰባ ላይ ከኋላ ቆማ የሰው ስም በጆሯቸው የምትነግራቸው እሷ ናት። ‹ይኼ የውሃው ኃላፊ ነው፣ ይኼ የመንገዱ ነው።› አንድ ቀን ዞር ብለው ‹አንቺስ የማን ነሽ?› አሏት አሉ። እሷም ምንም ቅር ሳይላት፣ ፈገግ እንዳለች፣ ስሟን ነገረቻቸውና ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፉ። እንደሷ ሥራ የሚወድ ሰው አለ? ሌላ ልጅ ብትሆን እዚያው ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ስብሰባው ይረፍድ ነበር።

«የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል የሚሉ ክፉዎች አሉ። በሷ ይኼ ይባላል? እሷ እኮ ቤቱ እንዳይዘረፍ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ቁጭ ያለች ናት! ወንድሟ መሬቱን ይጠብቃል፣ ባሏ ግዢውን ይጠብቃል፣ የባሏ እህት ደግሞ የሚጠብቁትን ትጠብቃለች። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ደንበኛዬን እንደ ምሰሶ ተደግፎ የቆመውን ሰው ብቆጥር ሃያ ሦስት ደረሰልኝ። እኔ የእንጨት ሰው ነኝ፤ ሃያ ሦስት ሰው የተደገፈው ምሰሶ ይደንቀኛል። ምሰሶውን ‹ደከመህ ወይ?› ብሎ የሚጠይቅ የለም። ምን አስጠየቃቸው? እሱ ከተቀመጠ እነሱ የት ይቆማሉ?»

የከንቲባው ልጅ ፊት ቀላ። እጇ ወደ ፖስታው ሄደና መንገድ ላይ ቆመ፤ ያለ ሦስተኛው ፊርማ ፖስታው ምንም እንደማያደርግላት ታውቃለች። ጋሽ ዘጠኙም የቆመውን እጅ አይቶ፣ ሥዕሉን በሁለት ጣቱ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«ቆይ እስቲ መነጽሬን ላድርግ… እህ። ጥሩ እጅ ነው የሣለው። ማይክራፎን የሚቆምበት ሳጥን ነው። ከፊት ለፊት ሲያዩት ሰውየው ቆሟል። ከኋላ ግን፣ ይኸው፣ ወንበር። ጠባብ፣ ረጅም፣ መደገፊያ ያለው። ብልኃት ነው! እኔ ስልሳ አራት ዓመት በእንጨት ስኖር ተቀምጦ የሚቆም ሰው ሠርቼ አላውቅም። ደረጃም የለውም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ተዳፋት ነው፤ ከታች ጎማ አለው። ገባኝ። እዚህ ብብቱ ሥር ያለው ምንድን ነው? ቀበቶ?… አሃ። ወደ ፊት እንዳይደፉ። እኔ ሞኙ ደግሞ እንዳይሄዱ መስሎኝ! ስፋቱ ስምንት ሳንቲ ሜትር፣ ከውስጥ ለስላሳ ጨርቅ ይለብሳል ይላል። ለስላሳው ጨርቅ የልጅ አሳብ ነው መቼም። ባዳ ቢሆን ለጨርቁ ምን ገዶት?

«ለማን እንደሆነ አልጠይቅም። አደራ አትንገሪኝ።

«ይቅርታ፣ አንቺ ፊርማ ትጠብቂያለሽ፣ እኔ ወሬ እጠርባለሁ። አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም ነው ነገሩ። ሁለቱ ነደዋል፤ እርጥቡ እኔ ቀረሁ። መምህሩ ፈረሙ? እሰይ፣ የልጃቸው ቤት ፈቃድ ወጣ ማለት ነው። ባለ ዳቦ ቤቱም… ዱቄት አይጠፋም ዘንድሮ። እኔስ? አራት መቶ ሃያ ወንበር ቀልድ ነው? አሥራ አራት ሰው አለብኝ፤ ሁለቱ አራስ ቤት አላቸው፣ አንዱ ቤት እየሠራ ነው፣ ጣራው ላይ ደርሷል። አላየሁም እንዳትዪኝ። እያንዳንዱን ወንበር እያየሁት ነው፤ እግሩ ራሱ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ ነው።

«ግን ምን ይደረግ፣ ችግሩ እኔ ነኝ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። እጄን እዪው፣ ይንቀጠቀጣል። ዓይኔም ያው ነው። ሰማንያ አራት ሞልቶኝ ቢሆን እንደ ብረት በጸናሁ፤ አልደረስኩማ! ‹ለሥራው ብቁ ናቸው› ብሎ የሚመሰክር ሰው፣ እሱ ራሱ ለምስክርነቱ ብቁ መሆን የለበትም? እኔ ያልሆንኩትን ለሌላ ልመስክር? ኃጢአት አይሆንም? ስለዚህ…»

ከጆሮው ላይ የአናጺ እርሳሱን አወረደ። ከጠረጴዛው መሳቢያ ንጹሕ ወረቀት አወጣና፣ ምላሱን ነከስ አድርጎ፣ ፊደሉን እንደ ሳንቃ መስመር እያስያዘ ጻፈ። እጁ እንዳለው አልተንቀጠቀጠም። አሥራ አራቱን ሰው በየስማቸው ያውቃቸዋል። ግን እርሳሱን አላቆመም።

«‹በዕድሜና በጤና ምክንያት ከሽማግሌነቱ ለቅቄአለሁ።› ፈረምኩበትም። ቁጠሪያት፣ አምስት ቃል ናት። እንዴት ቀላል ነች መሰለሽ! እኔ ደግሞ ድንጋይ መፍለጥ ይመስለኝ ነበር። ሰውም አልሞተ፣ ጣራውም አልወደቀ። ከፈለግሽ ሁለተኛ ልጽፍልሽ እችላለሁ፤ ‹ከሽማግሌነቱ› የምትለዋን ብቻ መለወጥ ነው፣ ለሚያስፈልገው ሰው ትሆናለች… አትፈልጊም? ይሁን።

«ለኔ ምትክ ለመምረጥ ምክር ቤቱ ሁለት ወር ይፈጅበታል አይደል? ምዝገባው ደግሞ ስድስት ቀን… አቤት የኔ ነገር! ጊዜ መምረጥ አልችልበትም። ዕድሜ ነው፣ ምን ላድርገው።»

ሴትየዋ ተነሳች። ከሦስቱ ወረቀቶች የወንበሩን ትዕዛዝ ለይታ በቦርሳዋ ከተተች። ሥዕሉን ግን ለጥቂት ጊዜ በእጇ ይዛው ቆየች፤ ቀበቶው ያለበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ሸፍናው ነበር። ጋሽ ዘጠኙ እስከ በሩ ሸኛት። ጎንበስ ብሎ ከቀሚሷ ጫፍ ላይ የተጠመጠመ የእንጨት ልጣጭ አነሳላት፤ እንደ አባት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

«በይ ልጄ፣ መንገድሽ የተቃና ይሁን። ለደከምሽው ሁሉ ፈጣሪ ይክፈልሽ። ዕድሜ ይስጥሽ። ሰማንያ አራትም ይስጥሽ፣ ዘጠናም ይስጥሽ። ስትደክሚ ደግሞ፣ የሰው ስም ሲጠፋሽ፣ ጉልበትሽ እምቢ ሲልሽ… እንደዚያች እንደ ደንበኛዬ ልጅ ያለች፣ አንድም ቀን ‹እማዬ፣ በቃሽ፣ ዕረፊ› የማትልሽ፣ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ቀጥ አድርጋ የምታቆምሽ ልጅ ትውጣልሽ። አሜን በይ እንጂ!»

ሒሳቡ እንዲህ ወጣ። አራት መቶ ሃያው ወንበር ብረት ለሚያጥፈው ባለ ፋብሪካ ተሰጠ፤ ከአሥራ አራቱ ሠራተኞች ሦስቱ ወደዚያው ሄዱ፣ ጣራው ላይ የደረሰውም ሰውዬ አብሮ ሄደ። ምዝገባው ሲዘጋ ዕጩው አልተመዘገቡም። ይህ ሁሉ ጉድለት ነው። በትርፍ በኩል የመጣው በሦስተኛው ሳምንት በሾፌር እጅ የደረሰ አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው፦ አንድ ወንበር፣ ለበረንዳ፣ ሰፊና ዝቅ ያለ፣ ፀሐይ ላይ ለሚያንቀላፋ ሰው የሚሆን። የእጅ ጽሑፉ የሴትየዋ ነው። ከፍቅር ይሁን ከሐፍረት ጋሽ ዘጠኙ አልጠየቀም። «አራት መቶ ሃያ ወጪ፣ አንድ ገቢ» አለና፣ ከደረቀው እንጨት ጥሩውን መርጦ አወጣ።